መሬት ሳይሸጥ እንዴት ለብድር ዋስ ይሆናል?

ንግዱን ለማስፋፋት ብድር ፈልጎ ባንክ የገባ ሰው ስለ ሥራው ብዙም ሳይናገር «መያዣ ምን አለዎት?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ጠያቂው ሠራተኛ በሐሳቡ ያለው ብዙውን ጊዜ ካርታ ያለው ቤት ነው። በቅርቡ ደግሞ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 አርሶ አደሩ በመሬቱ የመጠቀም መብቱን ለፋይናንስ ተቋም በዋስትና ማስያዝ እንዲችል ፈቅዷል፤ ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ የገጠሩም መነጋገሪያ ሆኗል። አንዱ ወገን «መሬት ሊሸጥ ነው» ይላል፤ ሌላው «ከእንግዲህ ገበሬው እንደ ልቡ ይበደራል» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ከሕጉ ጋር አይገጥሙም። ለምን እንደማይገጥሙ ለመረዳት ግን አስቀድሞ መሬት በብድር ሥራ ውስጥ ያለውን ቦታ ማየት ያስፈልጋል።

አበዳሪ መያዣ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ባንክ የሚያበድረው ገንዘብ በአብዛኛው የራሱ ሳይሆን የአስቀማጮች ነው። ስለ ተበዳሪው የሚያውቀው ደግሞ ተበዳሪው ስለ ራሱ ከሚያውቀው ያነሰ ነው። ነጋዴው ትክክለኛ ሽያጩን፣ የተደበቀ ዕዳውን፣ የመክፈል ፍላጎቱን ያውቃል፤ ባንኩ የሚያየው በወረቀት የቀረበለትን ብቻ ነው። የሒሳብ መዝገብ በአግባቡ በማይያዝበትና የደንበኞች የብድር ታሪክ አጭር በሆነበት አገር ይህ ክፍተት ይሰፋል። መያዣ ክፍተቱን በሁለት መንገድ ያጠብባል፤ ተበዳሪው ካልከፈለ የሚሸጥ ነገር ይኖራል፣ ተበዳሪውም የሚያጣው ነገር ስላለ ለመክፈል ይተጋል።

መያዣን እንደ ሰው ዋስ ማሰብ ነገሩን ያቀለዋል። ማንም ገንዘብ ከማበደሩ በፊት ስለ ዋሱ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ዋሱ ማን መሆኑ በግልጽ ይታወቃል ወይ? ለሌላ ሰው አስቀድሞ ዋስ ሆኗል ወይ? በተጠራ ጊዜ ቀርቦ ይከፍላል ወይ? ንብረትም የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። መታወቁ በይዞታ ማረጋገጫና በድንበር ልኬት ይረጋገጣል፤ ከሌላ ዕዳ ነጻ መሆኑ በመዝገብ ይጣራል፤ «በተጠራ ጊዜ መቅረቡ» ደግሞ ተሽጦ ወይም ተከራይቶ ወደ ገንዘብ መለወጥ መቻሉ ነው። ስለ መሬትና ብድር የሚደረጉ ክርክሮች ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያተኩራሉ፤ በእኔ ግምት ግን አብዛኛውን ነገር የሚወስነው ሦስተኛው ነው።

ላም ትሞታለች፣ መኪና ከከተማ ሊወጣ ይችላል፣ የመደብር ዕቃም በሳምንት ውስጥ ተሽጦ ያልቃል። መሬትና በላዩ ያለ ቤት ግን ካሉበት አይንቀሳቀሱም፣ ዋጋቸውም በጊዜ ብዛት የመጨመር ዝንባሌ አለው። ባንኮች በየአገሩ ለመሬት የሚያደሉት በዚህ ምክንያት ነው።

መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ከሆነ ባንኩ የሚይዘው ምኑን ነው?

የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ከዞሩ ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት በግል ባለቤትነት አይያዝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑንም ይደነግጋል። ነገር ግን በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው መሻሻል ሙሉ መብት አለው፤ መብቱ መሸጥን፣ መለወጥንና ማውረስን ይጨምራል። የአገሪቱ የቤት ሽያጭና የባንክ መያዣ ሁሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። መሬቱ አይሸጥም፤ ቤቱ ይሸጣል። ቤቱን የገዛ ሰው ግን ቤቱ ያረፈበትን ቦታ የመጠቀም መብትም አብሮ ስለሚያገኝ፣ በዋጋው ውስጥ የቦታው ዋጋ መኖሩን ገዥም ሻጭም ያውቁታል።

በከተማ ሁለተኛ የሚያዝ ነገር አለ፤ እሱም የሊዝ መብት ነው። ሊዝ ማለት ከመንግሥት ጋር በሚደረግ ውል ቦታን ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብት ነው። ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ተጀምሮ አንድ ጊዜ ከተቀየረ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የአሁኑን መልክ ይዟል። ዘመኑ እንደ አገልግሎቱ ይለያያል፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ነው። ቦታ ያገኘ ሰው ቢያንስ የዋጋውን 10 በመቶ አስቀድሞ ይከፍልና ቀሪውን በየዓመቱ እየከፈለ ይጨርሳል።

የሊዝ መብት በመያዣነት ሊቀርብ የሚችለው ግን በተከፈለው የሊዝ ዋጋ መጠን ነው። በምሳሌ እንየው። አንድ አምራች 300 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ ሜትር 20 ሺህ ብር በጨረታ አሸነፈ እንበል። ጠቅላላ ዋጋው 6 ሚሊዮን ብር ነው፤ አምራቹ 10 በመቶውን፣ ማለትም 600 ሺህ ብር ከፍሎ ቦታውን ተረከበ። ባዶውን ቦታ ይዞ ባንክ ቢሄድ መነሻ የሚሆነው የከፈለው 600 ሺህ ብር እንጂ 6 ሚሊዮኑ አይደለም። በአካባቢው ያለው ዋጋ በእጥፍ ቢያድግም ይህ አይለወጥም፤ ምክንያቱም ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ ሳይደርስ መብቱ ቢተላለፍ፣ ያዡ የሚያገኘው የከፈለውን ከወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ሲሆን የተረፈው ለመንግሥት ይገባል። የድንጋጌው ዓላማ ቦታ አጥሮ ዋጋ መጠበቅን መከላከል ነው፤ ይህም መሠረት ያለው ስጋት ነው። ውጤቱ ግን አምራቹ የሚያስይዘው ነገር እንዲኖረው መጀመሪያ መገንባት አለበት፣ ለመገንባት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ብዙዎች የመጀመሪያውን ገንዘብ ከዘመድ፣ ከእቁብ ወይም ከቀድሞ ንግዳቸው ያመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር ብዙ ሰው አለ። በቀበሌ ቤት ለዓመታት የነገደ ሰው ስሙ በአካባቢው የታወቀ ቢሆንም የሚያስይዘው የለውም፤ ቤቱ የመንግሥት ነውና። በመንግሥት ሼድ ውስጥ የሚሠራ የእንጨት ወይም የብረታ ብረት ማኅበርም እንዲሁ ነው። የሰነድ አልባ ቤት ባለቤት ቤቱ ዓይን የሚሞላ ቢሆን እንኳ ካርታ እስኪያገኝ ድረስ በባንኩ ዘንድ ቤት እንደሌለው ይቆጠራል።

ካርታው ባንክ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ካርታና የግንባታ ፈቃድ ሲቀርብ ባንኩ መሐንዲስ ይልካል። መሐንዲሱ ቤቱን ለክቶ ከካርታውና ከፕላኑ ጋር ያስተያያል፤ ከፕላን ውጭ የተቀጠለ ክፍል ካለ በግምቱ ውስጥ ላይገባ ይችላል። የግንባታውን ወጪ፣ የቤቱን ዕድሜና ደረጃ፣ የአካባቢውን ሁኔታ አስልቶ ግምት ያወጣል። ባንኩም የግምቱን ሙሉ መጠን አያበድርም፤ ዋጋ ቢወርድ፣ ሽያጩ ቢዘገይ፣ ወለድ ቢጠራቀም የሚሸፍንለት ትርፍ ያስቀራል። በዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ተበዳሪ ይከፋል፤ «ሰፈር ውስጥ በዚህ ዋጋ የተሸጠ ቤት እያለ እንዴት የእኔ በዚህ ይገመታል?» ይላል። አንዱ ምክንያት የሽያጭ ዋጋ መረጃ አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ግብር ለመቀነስ ሲባል በሽያጭ ውል ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ሲጻፍ፣ በእጅ የተከፈለውን የሚያውቁት ሻጭ፣ ገዥና ደላላ ብቻ ይሆናሉ። እንደዚህ ያለ ገበያ ላይ ገማች መጠንቀቁ አያስገርምም።

ከዚያ ንብረቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑ ከይዞታ አስተዳደሩ ይጣራል። ተበዳሪው ባለትዳር ከሆነ፣ ቤቱም የጋራ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ያስፈልጋል። በመጨረሻም መያዣው ይመዘገባል። ምዝገባው የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ውጤት የሚኖረው በመዝገብ ሲገባ ነው። ያልተመዘገበ መያዣ ያለው አበዳሪ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢያስመዘግብ ቤቱን ከርቀት እያየ ሊቀር ይችላል።

ተበዳሪው ሳይከፍል ቢቀር በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት—